ዝም ያለውን የሚቆርጥ መቀስ

ሂልካ ሄይኩራ ልትፈታው የተነሳችው ችግር ይህ ነበር፦ ሰዎቹ ተነጋግረው ጨርሰዋል፣ ስልካቸውን ትተው ወደየጉዳያቸው ሄደዋል፤ ጥሪያቸው ግን አልተዘጋም።

እንዴት እንዲህ ይሆናል? በበረዷማው ሰሜን የምትገኘው የሃውኪቫራ ከተማ የስልክ ኅብረት ሥራ ማኅበር የከተማዋንና በጫካው ውስጥ የተበተኑትን መንደሮች የሚያገናኝ አንድ ሰርቨር አለው። ሰው ሲደውል ሰርቨሩ አንድ መስመር ይይዝለታል። ሰውዬው ስልኩን ሲያስቀምጥ ደግሞ ስልኩ ራሱ ለሰርቨሩ «ጨርሰናል» ብሎ ይነግረዋል፤ ያኔ መስመሩ ይለቀቃል። ነገሩ ሁሉ የቆመው በዚያች የስንብት ቃል ላይ ነው። እርጥብ በረዶ ጥዱን ሰብሮ ሽቦ ላይ ሲጥለውና መንደሩ ድንገት መብራት ሲያጣ ግን ስልኩ ሳይሰናበት ይጠፋል። ሰርቨሩ ይህን በምን ያውቃል? ጥሪው እንደቀጠለ ያምናል። መስመሩን ይዞ አንድ ቀን ይጠብቃል፣ ሳምንት ይጠብቃል። ከማኅበሩ ወደ ውጭ የሚወጡት መስመሮች ጥቂት ናቸው፤ እንዲህ ያሉ ሙት ጥሪዎች ሲከማቹ ሐኪም የሚፈልግ ሰው ሳይቀር «መስመሩ ተይዟል» ይባላል። የያዘው ግን ማንም አይደለም።

የማኅበሩን ሰርቨር የምትጠብቀው ሂልካ ለዚህ አንድ መሣሪያ ሠራች። ሥራው ሲታይ ቀላል ነው፤ ለዚህም ነው የሚያምረው። በዚያ ሰዓት ክፍት የሆኑትን ጥሪዎች ሁሉ በስክሪኑ ላይ ይደረድራል፤ ከማን ወደ ማን እንደሆኑ፣ ከተጀመሩ ምን ያህል እንደቆዩ ያሳያል። ከመካከላቸው አንዱን መርጠህ ቁልፉን ስትጫን ያ ጥሪ በሁለቱም ጫፍ ይዘጋል፣ መስመሩም ነፃ ይወጣል። የሽቦ ጠጋኙ ታውኖ መሣሪያውን ባየ ጊዜ «መቀስ ነዋ!» አለ፤ ስሙ በዚያው ጸና።

መቀሱ ራሱ ግን የሚቆርጠውን አይመርጥም ነበር። የምትመርጠው ሂልካ ናት፤ አመራረጧም ቀስ ያለ ነበር። የተጠራጠረችውን ጥሪ ከመቁረጧ በፊት ለባለቤቱ በተንቀሳቃሽ ስልኩ ትደውላለች።

«ኢልማሪ፣ ሂልካ ነኝ። አሁን በቤትህ ስልክ እያወራህ ነው?»

«ከማን ጋር?»

«ከእንጨት ነጋዴው ጋር።»

«ከዚያ ሌባ ጋር? እሱማ ማክሰኞ ለት ነው ያናደደኝ። ስልኩን ጆሮው ላይ ልዘጋበት ስል መብራት ጠፍቶ ቀደመኝ።»

«ሰርቨሩ ግን አሁንም እየተጨቃጨቃችሁ ነው ይላል።»

«እንግዲያው ሰርቨሩ እኔን ደግፎ እየተጨቃጨቀ ይሆናል፤ ተዪው ትንሽ ይጨምርለት» ይላል ኢልማሪ፤ ሂልካም ስቃ ትቆርጠዋለች።

ይህን ሁሉ መድከም ለምን አስፈለገ? ሃውኪቫራ ውስጥ ረጅምና ዝም ያለ ጥሪ ሁሉ ሙት አይደለምና። የሂልካ እናት ኤልማ ለዚህ ምስክር ናት። ኤልማና ታላቅ እህቷ ሳይሚ አግብተው በየቤታቸው ከገቡ ወዲህ በየቀኑ ከሰዓት በኋላ ይደዋወሉ ነበር። «ምን አለ?» ትላለች አንዷ። «ምንም» ትላለች ሌላዋ። ከዚያ ሁለቱም ስልኩን ጠረጴዛ ላይ ያጋድሙና ሹራባቸውን ያነሳሉ። አንዷ የሌላዋን ወንበር ሲንቋቋ ትሰማለች፣ ሌላዋ ደግሞ የዚያኛዋን ምድጃ በር። ግማሽ ሰዓት፣ አንድ ሰዓት እንዲህ ተቀምጠው አንዷ «እንግዲህ…» ስትል ሌላዋም «እንግዲህ» ትላለች፤ ያኔ ይዘጋሉ። ሂልካ በልጅነቷ ይህን ጨዋታ ከጠረጴዛው ሥር ሆና ስትሰማ ነው ያደገችው። ከዚህ የበለጠ ጭውውት አለ ብሎ የነገራትም የለም።

ራይሞ ቬርካሳሎ የማኅበሩ ሥራ አስኪያጅ ሆኖ ከደቡብ መጣ። ክፉ ሰው አልነበረም፤ ፈጣን ሰው ነበር። ጠይቆ መልሱ እስኪመጣ መጠበቅ ሰውነቱን ያሳክከዋል።

«ሂልካ፣ ጠዋትሽን ሙሉ እየደወልሽ ‹እያወራችሁ ነው?› ትያለሽ። ማሽን የሚሠራውን ሰው ለምን ይሠራል?»

«ማሽኑ ሰዎቹን አያውቃቸውማ።»

«ድምፅ ያውቃል። አምስት ደቂቃ ከሁለቱም ወገን ምንም ድምፅ ካልመጣ ያ ጥሪ ሞቷል። አምስት ደቂቃ ሙሉ ዝም የሚል ሰው የት አለ?»

«እዚህ።»

ራይሞ ከት ብሎ ሳቀ። ቀልድ መስሎት ነበር። ሂልካም አልደገመችለትም።

እዚህ ላይ ስለ ስልኮቹ አንድ ነገር ማወቅ ያስፈልጋል። ማኅበሩ ለመንደሮቹ የሰጣቸው ስልኮች ቆጣቢ ናቸው። ሰው ሲናገር ድምፁን ቆራርጠው ወደ ሰርቨሩ ይልካሉ፤ ሰው ዝም ሲል ግን «ባዶ ምን ይላካል?» ብለው እጃቸውን ያጣጥፋሉ። የወንበሩ መንቋቋት፣ የምድጃው በር ካለ ይልኩታል፤ ከዚያ ካነሰ አይልኩም። ብልህ ሥራ ነው። ውጤቱ ግን እንዲህ ነው፦ ከሰርቨሩ በኩል ለሚያይ፣ ሽቦው የተበጠሰበት ስልክና አንዲት ሴት ጸጥ ብላ ጆሮዋን የጣለችበት ስልክ አንድ ናቸው። ከሁለቱም የሚመጣ ነገር የለም። ሙቱንና ሕያውን የሚለይ ሰው ብቻ ነበር፤ ራይሞ ያንን ሰው ሊያወጣው ነው።

በጥቅምት ወር፣ የከተማው ግማሽ ሰው ለአጋዘን አደን ጫካ ሲገባ፣ ሂልካም እንደ ልማዷ ከአደን ማኅበሯ ጋር ወጣች፤ ስልኳንም ዘጋች። ራይሞ በዚያ ሳምንት ደንቡን ጻፈው። አዲስ መሣሪያ አልሠራም፤ ለሂልካ መቀስ እጅ ቀጠለለት። አምስት ደቂቃ ዝምታ ባገኘህ ቁጥር ቁረጥ አለው።

በዚያው ሳምንት ሳይሚ ታመመች። በስተደቡብ ወዳለው ትልቁ ከተማ ሆስፒታል ወሰዷት። የመጀመሪያው ከባድ በረዶ መንገዱን ስለዘጋው ኤልማ ልትሄድ አልቻለችም። ነርሷ ደግ ሰው ነበረች፤ የክፍሉን ስልክ ትራሱ ላይ አጋድማ «መናገር አይችሉም፤ እርስዎን ግን ይሰማሉ» አለቻትና ወደ ሌሎች ታማሚዎች ሄደች።

ኤልማ «ሳይሚ፣ ምን አለ?» አለች። ከዚያ ዝም አለች። ምን ትበል? ስልሳ ዓመት ሙሉ ዝም ሲባባሉ ነው የኖሩት። ጆሮዋን ተክላ የእህቷን ትንፋሽ ታዳምጥ ጀመር። ትንፋሹ በጣም ቀጭን ነበር፤ ስልኩ ድምፅ ነው ብሎ የሚቆጥረው ዓይነት አልነበረም። ኤልማ ግን ጆሮ ብቻ ሳይሆን ዕድሜም ስለነበራት፣ ብትሰማውም የሰማችው ቢመስላትም፣ ይበቃት ነበር።

ከዚያ ተቆረጠ።

መልሳ ደወለች፤ ተይዟል። እዚያ ትራሱ ላይ ያለው ስልክ ክፍቱን እንደተጋደመ ነው፤ ማንም አላየውም። ደግማ ደወለች፤ ተይዟል። እንደገና። በመጨረሻ ስልኩ ጠራ፤ ነርሷ አነሳችው፤ ድምፅዋን ዝቅ አድርጋ «አርፈዋል» አለቻት።

ሂልካ ከጫካ ስትመለስ እናቷን ከስልኩ አጠገብ ተቀምጣ አገኘቻት። ኤልማ አላለቀሰችም። የጠየቀችው አንድ ነገር ብቻ ነው።

«የስልክ ሰው ነሽ። ማነው የቆረጠኝ?»

«መብራት ጠፍቶ ይሆናል፣ እማዬ።»

«መብራት አልጠፋም። ሽቦም አልተበጠሰም፣ ታውኖን ጠይቄዋለሁ። ሰው ነው የቆረጠኝ። ስሙን ንገሪኝ።»

ሂልካ ቢሮዋ ገብታ አየች። ጥሪውን የዘጋው የራሷ መቀስ ነው፤ ያዘዘው ደግሞ የራይሞ ደንብ። አንድ ሰው ቤትህ ገብቶ፣ አንተ የሳልከውን ቢላ ከመሳቢያህ አውጥቶ እናትህን ቢወጋበት ምን ይሰማሃል? ያ ነው የተሰማት። ቂሙ በዚያች ሰዓት ተቋጠረ፤ ጥብቅ አድርጋ ነው የቋጠረችው።

ራይሞ ክፍል ገባች። «የእናቴን ጥሪ ቆርጠሃል። እህቷ እየሞተች ነበር።»

ራይሞ ደነገጠ፤ ከወንበሩም ተነሳ። «በጣም አዝናለሁ፣ ሂልካ። ከልቤ። ግን እኔ አይደለሁም፤ ሥርዓቱ ነው። ደግሞ ተመልከቺ፣ ደንቡ ከወጣ ወዲህ መስመር ተያዘብኝ ያለ ሰው የለም። ከመንደሮቹ አንድም ቅሬታ አልመጣም።»

«እዚህ ሰው ቅሬታ አያቀርብም። ዝም ይላል።»

«ዝም ካለ ተስማምቷል ማለት ነዋ።»

«ነግሬህ ነበር። እዚህ ሰው ዝም ይላል ብዬህ ነበር።»

«አንዴ ነው የነገርሽኝ!»

«እዚህ አገር አንዴ ይበቃል» ብላ ወጣች።

ደንቡን የመሻር ሥልጣን የሥራ አስኪያጁ ነው። ሂልካ በገዛ እጇ ማድረግ የቻለችው የእናቷን ቁጥር ከደንቡ ማውጣት ብቻ ነበር። አወጣችው። ግን ለማን ብላ? ኤልማ የምትደውልላት ሳይሚ የለችም።

ስለዚህ መበቀል ጀመረች። እንደ ሥራዋ ሁሉ በቀሏም ሥርዓት ነበረው። መቀሱ የሰው ንግግር አያሰማም፤ የሚያሳየው ማን ከማን ጋር እንደሆነ ብቻ ነው። የራይሞ ክፍል ግድግዳ ግን መስታወት ነበር። ሂልካ ከወንበሯ ሆና አየችው፤ አጠናችው። ራይሞ ወሬው ሲሰለቸው ይቀመጣል። ነገሩ ሲጥመው ይነሳል። ሊሳካለት ሲል ደግሞ ነፃ እጁን ወደ ላይ ያነሳል፤ ትከሻው ይሰፋል፤ ጥርሱ ይታያል። እጁ ስትነሳ ሂልካ ቁልፉን ትጫናለች።

ያኔ ራይሞ ሐይቁ ዳር ሳውና፣ ማለትም የእንፋሎት መታጠቢያ ቤት፣ እያሠራ ነበር። ግድግዳው ቆሟል፤ የቀረው ምድጃውና ጭስ ማውጫው ነው። በአካባቢው አንድ የታወቀ ግንበኛ አለ፤ ሰው ሁሉ የሚሻማው፣ ስልክ ማውራት የማይወድ፣ ቶሎ የሚከፋው። ራይሞ ግንበኛውን በስንት ልመና ስልክ ላይ ያገኘዋል። ይነሳል። እጁን ያነሳል። ቀጭ! ራይሞ «ሃሎ? ሃሎ?» ይላል፤ ስልኩን እንደ ተኛ ሰው ይነቀንቀዋል። እንደገና ሲደውል ግንበኛው ይቆጣል፤ ራይሞ ይለምናል፤ ነገሩ ይለሰልሳል፤ እጁ ትነሳለች። ቀጭ። በሦስተኛው ጊዜ ግንበኛው «ስልክ የሚዘጋብኝ ሰው ዘንድ አልሠራም» ብሎ ወደ ሌላ ደንበኛ ሄደ። የራይሞ ሳውና ክረምቱን ሙሉ ያለ ጭስ ማውጫ በረዶ ለብሶ ቆመ።

ታውኖ አንድ ቀን ወደ ሂልካ ጠረጴዛ መጣ።

«ሥራ አስኪያጁ ስልኬን ቀይርልኝ ብሎ ደግሞ ጠራኝ። ስልኩ ጤነኛ ነው።»

«እንግዲያው መስመሩ ይሆናል።»

«መስመሩንም ፈትሼዋለሁ።»

«ታዲያ ምን ይመስልሃል?»

ታውኖ ቁልፉ ላይ ያረፈውን ጣቷን አየ፤ ከመስታወቱ ወዲያ ያለውን ሰውዬም አየ። «እኔ ሽቦ ነው የምጠግነው» አለ። «ጣት አልጠግንም።» ጥቂት ሄዶ ተመለሰ። «ግንበኛው የአክስቴ ልጅ ነው። በጣም ነው የተናደደው። እኔ ምንም አላልኩም።»

ሂልካ ራይሞ «ሃሎ?» ባለ ቁጥር ሆዷ ውስጥ የሆነ ነገር ይሞቃታል። ማታ ግን እናቷ ቤት ስትገባ ሙቀቱ ይጠፋል። ኤልማ ከሰዓት በኋላ ሹራቧን ይዛ ከስልኩ አጠገብ መቀመጧን አልተወችም። ጭስ ማውጫ የሌለው ሳውና ለሳይሚ ትንፋሽ ይተካል? አይተካም። ሂልካ የፈለገችው ሰውዬው ከዚያ ወንበር ተነስቶ እንዲሄድ፣ ደንቡም ከእሱ ጋር እንዲወጣ ነው። የማኅበሩ ጠቅላላ ጉባኤ ሚያዝያ ላይ ነበር፤ የራይሞ ውል ለሌላ አምስት ዓመት ይጸድቅ እንደሆነ፣ ደንቡም ቋሚ ይሆን እንደሆነ የሚወሰነው እዚያ ነው።

ሚያዝያ የሃውኪቫራ መንገድ የሚበላሽበት ወር ነው። በረዶው ከሥር ይቀልጣል፤ መንገዱ ገንፎ ይሆናል። ስለዚህ ከመንደሮቹ ያሉት አባላት ጉባኤውን በስልክ ይካፈላሉ፤ ምንስ ቢሆን የስልክ ማኅበር አይደል? ሁሉም ወደ አንድ ቁጥር ይደውላሉ፤ ሰርቨሩ በአንድ የጋራ ክፍል ያገናኛቸዋል። ጉባኤው አንዴ ከተጀመረ ክፍሉ ስለሚዘጋ የተቆረጠ ሰው ተመልሶ መግባት አይችልም። በስልክ የገባ አባል ደግሞ በጉባኤ ላይ አይጮህም፤ ድምፁ እስኪጠየቅ ዝም ብሎ ያዳምጣል። የጋራውን ክፍል የምትቆጣጠረው ሂልካ ናት። በአዳራሹ ጥግ ኮምፒውተሯን ይዛ ተቀምጣለች።

እዚህ ላይ ምን አወቀች? ደንቡ ጉባኤን ከጭውውት አይለይም። በጋራው ክፍል ሌላኛው ወገን ሰርቨሩ ራሱ ስለሆነ፣ ከአንድ ስልክ አምስት ደቂቃ ምንም ካልመጣ ያንን ስልክ ይቆርጠዋል። የጋራውን ክፍል ከደንቡ ማውጣት ይቻል ነበር፤ የአንድ ደቂቃ ሥራ ነው። ራይሞ አላሰበበትም። ሂልካ አሰበችበት፤ አላወጣችውም። «በገዛ ደንቡ ይታነቅ» አለች በልቧ። ሰብሳቢዋ የስልክ አባላቱን ድምፅ ስትጠይቅ ማንም አይኖርም፤ የጉባኤው ቁጥር ይጎድላል፤ ራይሞ በሰው ሁሉ ፊት ያፍራል። ሐሳቧ ይህ ነበር።

ራይሞ ንግግሩን ጀመረ። ጥሩ ተናጋሪ ነው። ስለ አዲስ ዘመን ተናገረ፣ ስለ ነፃ መስመሮች ተናገረ። ሂልካ ስክሪኗን ታያለች። መንደሮቹ በቁም ነገር፣ በጨዋነት፣ ትንፋሻቸውን ውጠው ያዳምጡታል፤ ስለሚያዳምጡትም መቀሱ አንድ በአንድ ይለቅማቸዋል። መጀመሪያ የሰሜኑ መንደር፣ ቀጥሎ በሐይቁ ማዶ ያሉት። እጁ ወደ ላይ ስትነሳ፣ ትከሻው ሲሰፋ፣ የመጨረሻው ስልክ ጠፋ። ራይሞ ለባዶ ክፍል እየሰበከ ነው። ሂልካ ከጥቅምት ወዲህ እንደዚያ ጣፋጭ ነገር አልቀመሰችም።

ሰብሳቢዋ ኬርቱ ጡረታ የወጣች የትምህርት ቤት ርእሰ መምህርት ናት። ከአዳራሹ ተቃዋሚ እንደሌለ አየች፤ ከዚያ ወደ ድምፅ ማጉያው ዞራ፦

«በየመንደሩ በስልክ ያላችሁ አባላት፣ የቀረበውን የምትቃወሙ አላችሁ?»

ጸጥታ።

ኬርቱ ጠበቀች። በዚያ አገር እንደሚገባው፣ ረዘም አድርጋ ጠበቀች።

«ተቃውሞ የለም» አለች። መዶሻዋ ጠረጴዛውን መታች። «ጸድቋል። ቡናው ቀርቧል።»

ሂልካ ያኔ ገባት። ሁሉን ነገር አስልታ ነበር፤ ይህን ግን አላሰላችም። በዚህ አገር ጉባኤ ዝም ያለ ተስማምቷል፤ እሷ እያንዳንዱን ተቃዋሚ ቆርጣ አውጥታ ያንን ሁሉ ዝምታ ለራይሞ በስጦታ አበረከተችለት። ተነስታ «ቆይ!» ልትል ፈለገች። ግን መዶሻው ወድቋል፣ ሰው ተነስቷል፣ ኩባያው መንቋቋት ጀምሯል፤ እሷም ተወልዳ ያደገችው እዚያው ነው። ዝም አለች።

ሰዎቹ ቂጣቸውን ሳይጨርሱ ከውጭ የትራክተር ድምፅ ተሰማ። ኢልማሪ እስከ ጉልበቱ ጭቃ ለብሶ ቦቲውን ሳያወልቅ ገባ፤ ይህ ብቻውን አዳራሹን ጸጥ አሰኘው።

«ማነው የቆረጠኝ?» አለ።

ሂልካ ደነገጠች። ቃል በቃል የእናቷ ጥያቄ ነው።

«ኢልማሪ፣ ይቀመጡ፣ ቡና ይጠጡ» አለች ኬርቱ። «ጉዳዩ አልቋል፤ መዶሻው ወድቋል።»

«በምን ላይ?»

«ተቃውሞ የለም ብለን አጸደቅን።»

«የለም? ተቃውሞ የለም?» የኢልማሪ ፊት ቀላ። «አንዲት ‹አይሆንም› ይዤ ከጠዋት ጀምሮ እጠብቃለሁ! ያንን ሁሉ ንግግር ጥርሴን ነክሼ የሰማሁት እሷን ለመናገር ነው! ሚስቴ ሳትቀር እንዳታስነጥሺ ብዬ ውጭ አስወጥቻታለሁ!»

ራይሞ በትሕትና ፈገግ አለ። «ኢልማሪ፣ የእናንተው ልማድ ነው እኮ። ዝም ያለ ተስማምቷል።»

ያች ፈገግታ ናት ሂልካን ያስነሳቻት። ኮምፒውተሯን ይዛ ወደ ፊት ሄደች፤ ስክሪኑን ወደ ሰዉ አዞረችው።

«ዝም ያለ ሰው አልነበረም» አለች። «የጋራው ክፍል ይኸው፤ ባዶ ነው። ኬርቱ ስትጠይቅም ባዶ ነበር። ሁላቸውም በንግግሩ መሐል ተቆርጠዋል።»

«ማን ቆረጣቸው?» አለች ኬርቱ።

«የራይሞ ደንብ። አምስት ደቂቃ ጸጥ ብሎ ያዳመጠውን ሁሉ ይቆርጣል። እናቴን ከምትሞት እህቷ የቆረጣትም እሱ ነው።»

አዳራሹ ውስጥ ማንም አልተናገረም። ዝምታው ግን የተስማማ ሰው ዝምታ አልነበረም፤ ራይሞ እንኳ ልዩነቱን ያኔ ለየው። ፈገግታው ከፊቱ ወረደ።

«አንቺ ታውቂ ነበር» አለ ቀስ ብሎ። «እዚያ ጥግ ተቀምጠሽ ስታዪ ነበር።»

«አዎ።»

«ልታስቆሚው ትችዪ ነበር።»

«አዎ። አንተም።»

ኬርቱ መነጽሯን አውልቃ ሁለቱን እንደ ተደባደቡ ተማሪዎች አየቻቸው። ውሳኔው ፈረሰ። ጉባኤው መንገዱ ሲደርቅ፣ ሰው በእግሩ መጥቶ እንዲደገም ተባለ። ሂልካም ማስጠንቀቂያ ደረሳት፤ ከዚያ ቀን ጀምሮ ታውኖ አጠገቧ ካልቆመ መቀሱን እንዳትነካ ታዘዘች። ታውኖ ይህን ሲሰማ «ሽቦ ጠጋኝ ነኝ ብያለሁ፤ አሁን ጣት ጠባቂም ሆንኩ» ብሎ ተነጫነጨ።

በሁለተኛው ጉባኤ ኢልማሪ ቀድሞ ተነሳ፣ «አይሆንም» አለ፣ ተቀመጠ። ሌላ ንግግር አላስፈለገም። ደንቡ ተሻረ፤ ራይሞም ውሉን ሳይጠብቅ ወደ ደቡብ ተመለሰ፤ ሳውናውን እንደቆመ ሸጠው። ሂልካ የጠበቀችው ደስታ መጣ፤ ቆየት ግን አላለም። አሁንም ይቅር አላለችውም፣ ልትለውም አላሰበችም።

አንድ ቀን እናቷ ቡና እየቀዳች እንደ ዋዛ ወሬውን ጣል አደረገችላት።

«ያ ሰውዬ ደወለልኝ።»

«ራይሞ? ምን አለ?»

«ስሙን ተናገረ። ከዚያ ዝም አለ። እኔም ዝም አልኩ። ለደቡብ ሰው አያያዙ መጥፎ አልነበረም፤ ቆየ።»

«ከዚያስ?»

«ከዚያ አየሩን ሳብ ሲያደርግ ሰማሁት፤ ሊጀምር ነው። ያኔ ዘጋሁበት።»

ሂልካ ኩባያዋን አስቀመጠች። «እማዬ! ይቅርታ ሊጠይቅሽ ይሆናል።»

«ይሆናል» አለች ኤልማ፤ ስኳሩን አማሰለች። «ደግሞ ይደውል። ደግሞ እዘጋበታለሁ።»

ደንቡ ተሻረ እንጂ ሙት ጥሪዎቹ አልተሻሩም። የበረዶው ወራት ሲመለስ መስመሮቹ እንደገና ይሞላሉ፤ ማኅበሩም ሥራውን ለሂልካ ሰጣት። አሁን የያዘችው መንገድ ይህ ነው። ዝምታን መለካት ትታለች። ሰዎቹን መጠየቅም ትታለች። ሰርቨሩ በየተወሰነ ጊዜ ስልኩን ራሱን እንዲጠይቀው ነው የምትፈልገው፦ «ይህ ጥሪ አሁንም እጅህ ላይ ነው?» ጥያቄው ድምፅ የለውም፤ በስልኩ ላይ ያለው ሰው አይሰማውም። ሕያው ስልክ፣ ባለቤቱ ትንፋሹን ውጦ ቢቀመጥ እንኳ፣ «አዎ፣ እዚህ ነኝ» ብሎ ይመልሳል። ሽቦው የተበጠሰበት ስልክ ግን አይመልስም፤ ያኔ ብቻ መቀሱ ይቆርጣል።

አዲሶቹ ስልኮች ጥያቄው ገብቷቸዋል። አሮጌዎቹ ግን አንዳንዶቹ ይደናበራሉ፤ ጥያቄውን አዲስ ጥሪ መስሏቸው ይጮኻሉ፣ ወይም ጨርሶ አይመልሱም። ከማይመልሱት አንዱ የኤልማ ወጥ ቤት ውስጥ ያለው ነው፤ ኤልማ ደግሞ ስልኩ እንዲቀየር አትፈቅድም። ስለዚህ ሂልካ ጥያቄውን ያ አሮጌ ስልክ በሚገባው መንገድ ልትጽፈው ትሞክራለች። ለሙከራ የሳይሚን ልጅ ሄሌናን ለመነቻት፤ ሄሌና ከሰዓት በኋላ ለኤልማ ትደውላለች።

መጀመሪያ አካባቢ ሙከራው ሁሉ ይበላሽ ነበር፤ ሄሌና ብዙ ታወራለች። «አክስቴ፣ አሁን ዝም ልበል?» ትላለች፤ ኤልማም «እንዲህ እያልሽ ከሆነ ዝም አላልሽም» ትላታለች። ቀስ በቀስ ግን ሄሌና እየለመደች ነው።

ዛሬም ጥሪው ክፍት ነው። ሂልካ ስክሪኑ ፊት ተቀምጣለች፤ ታውኖ ከኋላዋ ቆሞ ዳቦውን ያኝካል። ከወጥ ቤቱ ስልክ የሚመጣ ምንም ነገር የለም። ጥያቄውን እንደገና ቃሉን ለውጣ ላከችው።

«መለሰ?» አለ ታውኖ።

«ዝም በል፣ እየጠበቅኩ ነው» አለች ሂልካ።